የበግ ጸጉር ልብስና አመራረጡ

የበግ ጸጉር ልብስ ከበግ ላይ ተሸልቶ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ ወይም በኪሮሽና በሹራብ መርፌ ተሠርቶ የሚለበስ ልብስ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ አገሮች በርኖስ፣ ባና፣ ዝተትና ማቅ የሚባሉት ከዚሁ ጸጉር የሚሠሩ ናቸው፤ ከውጭ የሚገቡት ኮት፣ ሹራብና ብርድ ልብስም በከፊል ከዚሁ ይሠራሉ። ይህ ጽሑፍ የልብሱን ምንነት፣ ጸጉሩ የሚገኝባቸውን በጎች፣ የአሠራሩን ሂደት እንዲሁም ገዢው በእንስሳው፣ በመሬቱና በሠራተኛው ላይ በደል ያልደረሰበትን ልብስ እንዴት መምረጥ እንደሚችል ያስረዳል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከጎጃምና ከአጎራባቾቹ የአማራ ክልል ደጋዎች የተወሰዱ ናቸው።

ስያሜ

«ሱፍ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ የበግ ጸጉር ማለት ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ከአንድ በላይ ትርጉም አለው። በአንድ በኩል ዘይት የሚጨመቅበትንና በጾም ወራት ፍትፍት የሚሠራበትን የቅባት እህል ያመለክታል። በሌላ በኩል ኮትና ሱሪው ከአንድ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ «ሙሉ ሱፍ» ይባላል። ይህ ስም የተሰጠው በመጀመሪያ ልብሱ ከበግ ጸጉር ጨርቅ ይሰፋ ስለነበረ ነው። ዛሬ በሰርግም በምርቃትም የሚለበሰው ሙሉ ሱፍ ብዙ ጊዜ ከፖሊስተር የተሠራ ነው፤ ስሙ ሳይለወጥ ክሩ ተለውጧል። ስለዚህ «ሱፍ ነው» የሚለው የነጋዴ ቃል ስለ ልብሱ ቅርጽ እንጂ ስለ ክሩ ምንም ላይናገር ይችላል። የመምረጡ ሥራ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ባሕርይው

የበግ ጸጉር እንደ ሰው ጸጉርና ጥፍር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ክሩ የተጠማዘዘ በመሆኑ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ሙቀት የሚሰጠውም ይህ አየር ነው። እርጥበትን ወደ ውስጡ ስለሚስብ ካፊያ ቢያገኘውም ወዲያው አይቀዘቅዝም። በእሳት ቶሎ አይያያዝም፣ ሽታም በቀላሉ አይዝም። ሲያረጅ አፈር ውስጥ ቢቀበር ይበሰብሳል።

ከነዳጅ ዘይት የሚሠሩት አክሪሊክና ፖሊስተር በመልክ ሱፍን ይመስላሉ፤ ዋጋቸውም ይቀንሳል። ነገር ግን በታጠቡ ቁጥር ለዓይን የማይታይ የፕላስቲክ ብናኝ ይለቃሉ፣ አፈርም አያበሰብሳቸውም። በገጠር ልብስ የሚታጠበው ወንዝ ዳር በመሆኑ ብናኙ የሚሄደው ከብት ወደሚጠጣበትና ሰው ወደሚቀዳበት ውኃ ነው።

በጎቹ

በግ ሁሉ ሱፍ አይሰጥም። በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም እንዲሁም በአዊ በብዛት የሚገኘው የዋሽራ በግ ጸጉሩ አጭርና ልሙጥ ነው። ወንዱም ሴቷም ቀንድ የላቸውም፤ መልካቸው በአብዛኛው ቀይ ቡናማ ነው። ዋሽራ በሥጋውና በፈጣን ዕድገቱ ይፈለጋል እንጂ ለፈትል የሚሆን ጸጉር የለውም። ጎጃም የበግ አገር ሆኖ ሳለ የሱፍ ልብሱ ከአንዳንድ አጎራባች ደጋዎች ያነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለፈትል የሚሆን ጸጉር የሚያበቅሉት የውርጭ አገር በጎች ናቸው። ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው የመንዝ በግ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ላቱ ትንሽ፣ ጸጉሩ ረጅምና ሻካራ ሲሆን ብርድንና የግጦሽ እጥረትን ይችላል። በደቡብ ጎንደር ያለው የፋርጣ በግ፣ በወሎና በሰሜን ተራሮች ያሉትም በጎች ከዚሁ ወገን ይመደባሉ። የእነዚህ ሁሉ ጸጉር ሻካራ ስለሆነ ለካባ፣ ለብርድ ልብስና ለምንጣፍ ይስማማል፤ በቆዳ ላይ ለሚለበስ ስስ ሹራብ ግን አይመችም። ለስላሳው የሹራብ ሱፍ በአብዛኛው ሜሪኖ ከሚባለው በግ የሚገኝ ሲሆን ዋናዋ አምራች አውስትራሊያ ናት።

መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም ዞን የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ከተማ ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ትታወቃለች። ወረዳው በሰሜንና በምሥራቅ በዓባይ ሸለቆ ይዋሰናል። እንዲህ ባለው አገር ቆላና ደጋ በአንድ የገበያ ቀን ይገናኛሉ፦ ጥጥ የቆላው፣ የበግ ጸጉር የውርጩ ምርት ነው። ጋቢና ኩታ ከጥጥ፣ በርኖስና ማቅ ከጸጉር መሆናቸውም የአየር ንብረቱን ልዩነት የተከተለ ነው።

የልብስ ዓይነቶች

በርኖስ ከትከሻ የሚወርድ ሰፊ ካባ ነው። ብዙ ጊዜ ከጥቁር ጸጉር ይሠራል፤ በአንድ ትከሻው ላይ ሹል ሆኖ የሚወጣ ክፍል አለው። ስሙ የመጣው «ቡርኑስ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው።

ባና ወፍራም የጸጉር ብርድ ልብስ ሲሆን ቀን ይለበሳል፣ ሌሊት ይለበሳል። ዝተትም እንዲሁ ወፍራም ሆኖ ለመኝታና ለምንጣፍ ያገለግላል።

ማቅ ሻካራ የጸጉር ልብስ ነው። ሻካራነቱ የኀዘንና የንስሐ ምልክት ስላደረገው «ማቅ ለበሰ» ማለት ኀዘን ተቀመጠ ማለት ሆኗል።

ደበሎ ከነጸጉሩ የለፋ የበግ ቆዳ ነው። የሚለበሰው በተለይ በአብነት ተማሪዎች ዘንድ ነው። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ደበሎውን ቀን ለብሶት፣ ሌሊት ተኝቶበት ዓመታት ያሳልፋል። ደበሎ የሚሠራው ለሥጋ ከታረደ በግ ቆዳ ስለሆነ ለልብሱ ሲባል የሚታረድ እንስሳ የለም።

አሠራር

ሥራው በሽልት ይጀምራል። በጉ ታጥቦ ወይም ጸጉሩ ከተሸለተ በኋላ ታጥቦ ጭቃው፣ ጭራሮውና ቅባቱ ይወጣል። ከደረቀ በኋላ በእጅ ይበጠራል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ በልቃቂት ተጠቅልሎ ለሸማኔ ይሰጣል፤ ሸማኔው ድሩን አድርቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ ይሸምነዋል። የበግ ጸጉር በሙቅ ውኃ ሲታሽ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚያያዙ ጨርቁ ይጠባል፣ ይጠብቃልም። ነፋስና ካፊያ የማያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ የሚገኘው በዚህ ባሕርይ ነው።

የደጋው ሱፍ አንድ ትልቅ ጥቅም ቀለም አለማስፈለጉ ነው። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ጸጉር ተለይቶ ስለሚፈተል መልኩ የበጉ መልክ ነው። የጨርቅ ማቅለሚያ ብዙ ውኃና ኬሚካል የሚፈጅ፣ ፍሳሹም ወንዝ የሚበክል ሥራ በመሆኑ ያልቀለመ ልብስ ይህን ጉዳት ከመነሻው ያስቀራል።

በፋብሪካ ደረጃ የሚታወቀው በሰሜን ሸዋ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። በዚያው አካባቢ በተቋቋመው የበግ ብዜት ማዕከል የጸጉርና የሥጋ ምርትን ለማሳደግ ኮሪዴልና አዋሲን የመሰሉ የውጭ በጎች ከአገሩ በግ ጋር ተዳቅለዋል። የኮሪዴል ዲቃላዎች ግን በገበሬው ዘንድ ብዙም ተቀባይነት አላገኙም፤ ላታቸው እንደ አገሩ በግ ስላልነበረ በገበያ አይፈለጉም ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በመንዝ የተሞከረው ሌላ መንገድ ነው። ገበሬዎች ከየመንጋቸው ምርጡን አውራ እየለዩ በጋራ በመጠቀም ያንኑ የአገሩን በግ ያሻሽላሉ።

የእንስሳው ደኅንነት

መሸለት በራሱ በጉን አይጎዳም። የሚጎዳው አሸላለቱና ወቅቱ ነው። ባልተሳለ ቢላዋ የተሸለተ በግ ቆዳው ይቆረጣል፣ ቁስሉም ዝንብ ይሰበስባል። በደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት ውርጭ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ጸጉሩን የተገፈፈ በግ በብርድ ሊሞት ይችላል። ያረገዘች ወይም የከሳች በግ መሸለትም እንዲሁ አደገኛ ነው። ስለዚህ ጥሩ እረኛ የሚሸልተው ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ በተሳለ መቀስ፣ በጉ ጠግቦ ባለበት ወቅት ነው።

በዓለም ገበያ ብዙ ክርክር ያስነሣው ሌላ ነገር ነው። የሜሪኖ በግ ቆዳ የተሸበሸበ በመሆኑ በጭራው ሥር ዝንብ እንቁላል ይጥላል፣ ትሉም ሥጋውን ይበላል። ይህን ለመከላከል በአውስትራሊያ ከግልገሉ ጭራ ዙሪያ ቆዳ ቆርጦ የማንሣት ልማድ አለ፤ ሚዩልሲንግ ይባላል። ኒውዚላንድ ድርጊቱን እ.ኤ.አ. በ2018 ከልክላለች። የኢትዮጵያ ደጋ በጎች ቆዳቸው እንደ ሜሪኖው ያልተሸበሸበ በመሆኑ ይህ ልማድ በአገሩ የለም። የአገር ቤት ባና ወይም በርኖስ የሚገዛ ሰው በዚህ ረገድ የሚጠይቀው ጥያቄ አይኖረውም።

ግጦሽና መሬት

በግ የሚግጠው ሣሩን እስከ ሥሩ አስጠግቶ ነው። መንጋ ከበዛና ዕረፍት ከሌለ ተዳፋቱ ይራቆታል፣ ክረምቱም አፈሩን ያጥበዋል። በምሥራቅ ጎጃም ይህ ጉዳይ ከአንድ ገበሬ መሬት ያለፈ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ የሚፈስሱ የብዙ ወንዞች መነሻ ነው። የጓሳ ሣር፣ አስታና ጅብራ ይበቅልበት የነበረው ከፍታ በገብስና በድንች እርሻ፣ በባሕር ዛፍና በልቅ ግጦሽ እየተሸረሸረ መጥቷል። የሣሩ ሥር ውኃ አምቆ የሚያቆይ ስለሆነ ሣሩ ሲጠፋ የበጋው ምንጭም ይነጥፋል።

መፍትሔው በግ ማጥፋት እንዳልሆነ የመንዝ ጓሳ ያሳያል። በዚያ ማኅበረሰቡ ቄሮ በሚባል አገር በቀል ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ጓሳውን ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በተወሰነ ጊዜ ለግጦሽና ለአጨዳ ይከፈት ነበር፤ ሕጉን የጣሰም ይቀጣ ነበር። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎ አካባቢው የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኗል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ዛሬ ድረስ ይገኙበታል።

በግ ሲያመሰኳ ሚቴን የተባለ፣ የአየር ንብረትን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል። በዚህ ምክንያት ሱፍ ምንም ጉዳት የሌለው ጨርቅ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም የደጋው ገበሬ በግ የሚያረባው በመጀመሪያ ለሥጋ፣ ለበዓል ገበያና ለማዳበሪያ ነው፤ ጸጉሩ ተጨማሪ ምርት ነው። ለሱፍ ብቻ ሰፊ መንጋ ከሚያስፈልገው እርባታ ጋር ሲነጻጸር ለጸጉሩ የሚቆጠርበት ጉዳት አነስተኛ ነው። የቀረው በልብሱ ዕድሜ ይወሰናል፦ ሃያ ዓመት የተለበሰ በርኖስ በሁለት ዓመት ከተጣለ ሹራብ ጋር አይመዘንም።

የሠራተኛው ድርሻ

የአገር ቤቱ የጸጉር ልብስ በእንስሳውም በቀለሙም የሚነሡትን ጥያቄዎች በቀላሉ ያልፋል። የሚወድቀው በሠራተኛው ድርሻ ላይ ነው።

ሽመና በኢትዮጵያ ደጋዎች ለረጅም ጊዜ የተናቀ ሙያ ነበር። በጎጃምና በጎንደር ከተሞች ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ርስት የሌላቸው ሙስሊሞች ነበሩ። ልብሱን የሚለብሰው ሰው የሠራውን ሰው «ቁጢት በጣሽ» እያለ ይሰድብ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ እየቀነሰ ቢመጣም የሙያው ገቢ ከክብሩ ጋር አብሮ አላደገም።

ከሸማኔውም ይልቅ የተዘነጋችው ፈታይዋ ናት። በእጅ እንዝርት ለአንድ ወፍራም ልብስ የሚበቃ ክር መፍተል ከሽመናው ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ሥራው ግን ከእርሻና ከወጥ ቤት በተረፈ ሰዓት፣ በምሽት በምድጃ ዳር ስለሚሠራ እንደ ሥራ አይቆጠርም። ዋጋ ሲወጣ የሸማኔው ቀን ይታሰባል፣ የጸጉሩም ዋጋ ይታሰባል፤ የፈታይዋ ሳምንታት ግን ሳይታሰቡ ይቀራሉ። ገዢው በርኖሱን ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር አወዳድሮ ዋጋ ሲያስቀንስ የሚቀንሰው ከእርሷ ድርሻ ነው። ልጆቿ እንዝርት የማያነሡት ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን ሥራው ስለማይከፍል ነው። በርካሽ የሚገባው የአክሪሊክ ብርድ ልብስ ደግሞ ይህን መራቅ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ሻጩን «ማን ፈተለው? ስንት ይደርሳታል?» ብሎ መጠየቅ የምርጫው ዋና ክፍል ነው። የሚቻል ከሆነ ከሸማኔው ወይም ከፈታዮቹ ማኅበር በቀጥታ መግዛት መካከል ላይ የሚቀረውን ገንዘብ ወደ ሠሪዎቹ ያደርሳል።

አመራረጥ

ክሩን መለየት። የፋብሪካ ልብስ ከሆነ በውስጡ የተሰፋው ምልክት የክሩን ዓይነትና ድርሻ በመቶኛ ይናገራል። ምልክት የሌለው ከሆነ ከጫፉ ጥቂት ክር መዝዞ በጥንቃቄ፣ ውኃ አጠገብ አድርጎ ማቃጠል ይቻላል። የበግ ጸጉር በዝግታ ይነዳል፣ ከእሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። አክሪሊክና ፖሊስተር ይቀልጣሉ፣ ሲቀዘቅዙ እንደ ጨሌ የጠነከረ ነገር ይተዋሉ። ጥጥ ቶሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ሁለቱ ምልክቶች አብረው ከታዩ ክሩ ቅልቅል ነው።

ጥንካሬውን ማየት። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ መመልከት የሽመናውን እኩልነት ያሳያል። በጣት ተጨብጦ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ የሚመለስ ሱፍ ጤነኛ ነው። ስፌቱ ሊፈታና ሊጠገን የሚችል መሆኑም መታየት አለበት።

የምስክር ምልክቶችን ማወቅ። ከውጭ በሚገባ ልብስ ላይ የሚታየው ዉልማርክ የተባለው የተጠቀለለ ክር የሚመስል ምልክት እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ ነው። የሚመሰክረው ስለ ክሩ ጥራት እንጂ ስለ በጉ አያያዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኃላፊነት የተሞላበት የሱፍ ደረጃ የእንስሳውን ደኅንነትና የግጦሹን አያያዝ ይመረምራል፣ ሚዩልሲንግንም ይከለክላል። ጎትስ የሚባለው የኦርጋኒክ ጨርቅ ደረጃ ደግሞ ቢያንስ 70 በመቶው ክር ኦርጋኒክ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ማቅለሚያውንና የሠራተኛውን ሁኔታም ይመለከታል። እነዚህን ማግኘት ክፍያና ምርመራ ስለሚጠይቅ የጎጃም ወይም የመንዝ ሸማኔ የላቸውም። ምልክት አለመኖሩ ልብሱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በምልክቱ ፈንታ ሠሪውን አግኝቶ መጠየቅ ይቻላል።

በማሽን የሚታጠብ የሚለውን መመርመር። ሱፍ በማሽን ሲታጠብ እንዳይጠብ የሚደረገው ብዙ ጊዜ በክሎሪን ተነክሮ በስስ ፕላስቲክ በመሸፈን ነው። እንዲህ ያለው ሱፍ ለመታጠብ ቢመችም በክሎሪንና በፕላስቲክ የታከመ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ያገለገለውን አለመናቅ። በሰልባጅ ገበያ ከአክሪሊኩ መካከል እውነተኛ የሱፍ ኮትና ሹራብ ይገኛል። የተሠራ ልብስን ዕድሜ ማራዘም አዲስ ከማሠራት ያነሰ ጉዳት አለው። በጣሊያን የፕራቶ ከተማ ያረጀ ሱፍ ተበጥሶ እንደገና እየተፈተለ ጨርቅ መሆን የጀመረው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ ነው። በአገር ቤትም ያለቀ ባና የኮርቻ ምንጣፍ ወይም መደብ ላይ መዘርጊያ ይሆናል።

አያያዝ

የበግ ጸጉር ልብስ ደጋግሞ መታጠብ አያስፈልገውም። አራግፎ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ መስቀል አብዛኛውን ሽታና አቧራ ያወጣል። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ፣ በቀላል ሳሙና፣ ሳይታሽና ሳይጠመዘዝ መሆን አለበት፤ ሙቅ ውኃና ማሸት ያጠቡታል። እንዳይለጠጥም አግድም ተዘርግቶ ይደርቃል። ዋና ጠላቱ ብል ነው። ብል ላብና ቅባት ያለበትን፣ ጨለማ ውስጥ ሳይነካ የቆየውን ልብስ ስለሚወድ ልብሱ ሳይቆሽሽ መቀመጥና በየጊዜው ፀሐይ ላይ ወጥቶ መራገፍ አለበት። የተቀደደው ገና ትንሽ ሳለ በራሱ ዓይነት ክር ከተጠቀመ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ልብስ ነው።